«ልዩ ዘመቻ» የማን ቃል ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ? ከአዳማ ነው የምጽፍላችሁ። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ማኪያቶዬን አዝዤ በስልኬ እናንተን አነባለሁ። ዓይኔ ስለደከመ ፊደሉን አጉልቼ ነው። ሰሞኑን ስለ ዩክሬን ያወጣችሁትን ዜና ግን አጎላሁት፣ አሳነስኩት፣ ያው ነው። «ልዩ ወታደራዊ ዘመቻው በቀጠለበት በአሁኑ ወቅት» ይላል። ትምህርተ ጥቅስ የለው፣ «እገሌ እንዳለው» የለው። እናንተው ያላችሁት ነው የሚመስለው።

ቃሉ የሞስኮ ነው። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. የሩሲያ ጦር ድንበር ሲሻገር ፑቲን በቴሌቪዥን ቀርበው ያወጡለት ስም ነው። ሳምንት አለፍ ሲል ደግሞ ስለ ጦሩ «ሐሰተኛ መረጃ» ያሰራጨን ሰው እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጣ። የሞስኮ ኤኮ የሚባለው ሬዲዮ ተዘጋ። ዋና አዘጋጁ ዲሚትሪ ሙራቶቭ ገና ከወራት በፊት የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለበት ኖቫያ ጋዜታም ማስጠንቀቂያ ሲደጋገምበት መታተሙን አቆመ። እዚያ ያለ ጋዜጠኛ «ጦርነት» ብሎ ከመጻፉ በፊት ልጆቹን ማሰብ አለበት። አልፈርድበትም። እናንተን ግን ማን አስገደዳችሁ? ተርጓሚው ቸኩሎ ይሆናል ብዬ ልለፈው።

አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። ማሪና ኦቭስያኒኮቫ ትባላለች። የመንግሥት ቴሌቪዥን ባልደረባ ነበረች። መጋቢት 5 ቀን ማታ ዜና አንባቢዋ በቀጥታ እያነበበች ሳለ ከኋላዋ ወረቀት ይዛ ብቅ አለች። ጦርነቱ ይቁም፣ ፕሮፓጋንዳውን አትመኑ፣ እዚህ እየዋሿችሁ ነው የሚል ነበር የተጻፈው። የታየችው ለሰከንዶች ነው። ዜና አንባቢዋ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ማንበቧን ቀጠለች። እኔን የገረመኝ ከወረቀቱ ይልቅ ያቺ ከፍ ያለች ድምፅ ነች።

እኛ ጋ ደግሞ እንዲህ ሆነላችሁ። ፀጉሬን የምቆረጠው ፍራንኮ ሰፈር ነው። ፀጉር አስተካካዩ እጁ ጥሩ ነው፣ ግን እየቆረጠ ቴሌግራም ያያል። አንድ ቀን ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «ቲቸር፣ እዩት እስቲ፣ ራሻ እንዴት እንደምታረግፋቸው!» አለኝ። አውሮፕላን በሌሊት ሲመታ ያሳያል። እሳቱ፣ ጭሱ፣ ፍንዳታው፣ ሁሉም አለ። ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አንገቱን አስግጎ አየና «ይሄ እኮ ጌም ነው፣ አርማ ሦስት ነው» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ አልሳቀም። «ቢሆንስ? እውነቱም እንደዚሁ ነው» ብሎ ማሽኑን አስነሳ።

በሌላኛው ወገንም ተረት አልጠፋም፣ አልክድም። ብቻውን ያን ሁሉ የሩሲያ አውሮፕላን ጣለ የተባለለት የዩክሬን አብራሪ «የኪየቭ መንፈስ» ስንት ቀን ሲወራለት ከረመ፣ በኋላ የዩክሬን አየር ኃይል ራሱ አፈ ታሪክ ነው አለ። ሁለቱም ውሸት ነው። አንደኛው ግን ድንበር ተሻግሯል።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲመጣብን «ልወራችሁ መጣሁ» አላለም። ባርነትን ላጠፋ፣ ሥልጣኔ ላመጣ ነው አለ። መርዝ ከአውሮፕላን እያዘነበ መርዝ አላውቅም አለ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ነገሩን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፣ ከ60 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ንጉሡ ጄኔቭ ላይ ሊናገሩ ሲነሱ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ያፏጩባቸው ነበር። ጋዜጠኞች ናቸው እንግዲህ!

ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ተማሪዎቼን ቆም የማደርጋቸው ግን ማዕቀቡ ላይ ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር በኅዳር ወር ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ። ነዳጅ አልተካተተም፣ ስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፣ ስለዚህ ጦሩ አልቆመም። ሙሶሊኒ ምን አደረገ? ከበቡን አለ። ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለአገር ይስጡ ተባለ። ሮም ላይ ንግሥት ኤሌና የራሷን አስቀድማ ሰጠች፣ ሌሎቹ ተሰለፉ፣ በወርቁ ፋንታ የብረት ቀለበት እያጠለቁ ተመለሱ። በሻይ ፋንታ ከርከዴ ጠጡ ተባለ። ሕዝቡ ስለ ወረራው ያለውን ጥርጣሬ ትቶ ስለ ከበባው መናደድ ጀመረ። መገለል ብቻውን ፕሮፓጋንዳን አያፈርስም፣ እንዲያውም ይቀልበዋል የምለው ለዚህ ነው።

ሩሲያም ጋ የሆነው የዚህ ዘመድ ነው። 300 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ተቀማጯ ታገደ፣ ከአውሮፓ ምክር ቤት ወጣች፣ ፊፋ ብሔራዊ ቡድኗን ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አስወጣ። ኔቶ ተጠጋኝ ብላ የገባችበት ጦርነት ፊንላንድንና ስዊድንን ኔቶ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ1990 ፑሽኪን አደባባይ ላይ (ቅድመ አያቱ የእኛ ነው እያልን የምንኮራበት ፑሽኪን) ያ ሁሉ ሰው ለሃምበርገር የተሰለፈበት ማክዶናልድስ ጠቅልሎ ሄደ። በዚያው ቤት በሌላ ስም ያው ምግብ መሸጥ ሲጀምር ቴሌቪዥኑ እንደ ድል አወራው። ኢንስታግራምና ፌስቡክም ተዘጉ። ከውጭ የተዘጋውን በርና መንግሥት ራሱ ከውስጥ የቆለፈውን በር ተራው ሰው እንዴት ብሎ ይለየው? ሁለቱም «ምዕራባውያን ጠሉን» ተብሎ ነው የሚነገረው።

ሙሉ በሙሉ ብቻዋን ቀርታለች ማለትም አይደለም። ቻይናና ህንድ ነዳጇን ይገዛሉ። እኛም አለን። የመንግሥታቱ ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በየካቲት ድምፅ ሲሰጥ 141 አገሮች ወረራውን አወገዙ፣ አምስት ተቃወሙ፣ 35 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ የእኛ ግን በየትኛውም ውስጥ የለም፣ ድምፅ አልሰጠንም። መጋቢት መጨረሻ ላይ ሩሲያ ከሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ትታገድ ሲባል ደግሞ ተቃወምን። ምክንያቱ ይገባኛል። በሰሜኑ ጦርነት ምዕራባውያን ሲጫኑን በጸጥታው ምክር ቤት ያለዘቡልን ሩሲያና ቻይና ነበሩ። መንግሥት ሒሳቡን ይሥራ፣ ሥራው ነው። የጋዜጣ ሥራ ግን ሌላ ነው። በሚያዝያ አዲስ አበባ የሩሲያ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ወጣቶች ወረቀታቸውን ይዘው ለጦርነቱ ልንመዘገብ ብለው ተሰልፈው ነበር። ኤምባሲው እኔ ወታደር አልመለምልም አለ። ታዲያ እነዚያ ልጆች ከየት ሰምተው መጡ?

ሩሲያን ጠልቼ አይደለም። ካራማራ ላይ ከእኛ ጎን የነበሩት ሶቪየቶችና ኩባዎች ናቸው፣ ይሄን የሚረሳ የለም። ያኔ ግን ወራሪው ዚያድ ባሬ ነበር። እሱም መደበኛ ጦሬ ኦጋዴን አልገባም፣ ነፃ አውጪዎች ናቸው እያለ ለወራት ሲክድ ከርሞ በመጨረሻ አመነ። ያኔ ሞስኮ ውሸቱ ገብቷት ነበር።

የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። «ወረራ» በሉት። የሞስኮን ቃል መጥቀስ ካስፈለገ «ሩሲያ ልዩ ዘመቻ የምትለው» በሉ፣ ሁለት ቃል ነው የሚጨመረው። ዩክሬን ይህን ያህል ወታደር ገደልኩ ስትልም «ዩክሬን እንዳለችው» በሉ። ከቴሌግራም ቪዲዮ ስትወስዱ ደግሞ ለአንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አሳዩት፣ በነፃ ይነግራችኋል። ነገሩ እንደሆነ ሩቅ አይደለም። በ2014 ነሐሴ ብሬቭ ኮማንደር የተባለችው መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ለእኛ ይዛ ጅቡቲ ደርሳለች። የጅቡቲ ከባድ መኪና ደግሞ በእኛ ከተማ በኩል ነው የሚያልፈው።

ስለ ቃል ከተነሳ አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ትምህርት ቤት አብሮኝ ያስተማረ የኬሚስትሪ መምህር አለ። በደርግ ጊዜ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ኪየቭ ነው የተማረው። እኛ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ «ራሻ የተማረው» ነበር የምንለው። «ኧረ ዩክሬን ነው» ሲለን «ያው ነው» ብለን ሻያችንን እንጠጣለን። የካቲት 17 ጠዋት ዜናውን ስሰማ ደወልኩለት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ያው ነው ስትሉኝ አልነበር?» አለኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ
ከአዳማ