ለደንበኞቻችን፦ ባዶ እንቁላልን በማሽተት ስለመለየት

የተከበራችሁ የመፈልፈያ ቤታችን ደንበኞች፣

ሰሞኑን «ውጭ አገር እንቁላሉን አሽትቶ ለም (ጫጩት የሚሆን) ይሁን ባዶ የሚለይ መሣሪያ አለ ይባላል፤ እናንተ ለምን ሰባት ቀን ታስጠብቁናላችሁ?» የሚል ጥያቄ በዝቶብናል። ባለፈው ወር 60 እንቁላል ያስገቡ አንዲት እናትም 22ቱ ባዶ ሆነው ሲወጡባቸው «በልታችሁብኝ ነው» ብለው ተቀይመውናል።

ወሬው መሠረት አለው። የእንቁላል ቅርፊት በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ጽንሱ አየር የሚያገኘው በእነሱ ነው፤ ሽታም ይወጣባቸዋል። የእንግሊዙ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. የጃፓን ድርጭት እንቁላል ለም ሲሆንና ባዶ ሲሆን ሽታው እንደሚለያይ አሳይተዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌሎች ተመራማሪዎች የዶሮ እንቁላልን በመምጠጫ ጎማ ይዘው፣ ሽታውን ለሁለት ደቂቃ ሰብስበው፣ በስምንተኛው ቀን ወንዱን ከሴቱ 80 በመቶ ያህል በትክክል ለይተዋል። ይህ ሽታ ለሰው አፍንጫ አይደርስም። የገማውንማ እኛም እናውቀዋለን!

ለእኛ ግን ገና ነው። የካሊፎርኒያው ውጤት ስለ ጾታ ቢሆንም፣ እንደዚያ ከመቶ ሃያውን የሚስት መሣሪያ ለእኛ ሥራ አይሆንም፤ ለሙን «ባዶ ነው» ካለን የምንጥለው የእናንተን ጫጩት ነው። የእጅ ባትሪ ይሻለናል። በሰባተኛው ቀን ክፍሉን አጨልመን በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ በኩል ስናበራ፣ ለሙ ውስጥ ከአንዲት ጥቁር ነጥብ የተነሡ ቀያይ የደም ሥሮች ልክ እንደ ሸረሪት ተዘርግተው ይታያሉ። ባዶው ወለል ብሎ ይበራል፤ የአስኳሉ ጥላ ብቻ ነው ያለው። ቅርፊቱ ጠቆር ያለ እንቁላል ያስቸግራል፤ የተጠራጠርነውን እስከ አሥረኛው ቀን አቆይተን ደግመን እናየዋለን።

ከዚህ በኋላ ባትሪውን የምናበራው እናንተ ባላችሁበት ነው፤ በሰባተኛው ቀን እንደውላለን። የምናስከፍለውም ማሽን ውስጥ ለቀሩት ብቻ ይሆናል። የወጣውን ሰብረን እናሳያችኋለን እንጂ ለምግብ አንሰጥም፤ 37.5 ዲግሪ ላይ ሰባት ቀን የከረመ ነውና።

ከእናንተም የምንለምነው አለ። እንቁላሉን አትጠቡት፤ ጀርም እንዳይገባ የሚከላከለው ስስ ሽፋን ይለቃል። ከተጣለ ሰባት ቀን ያለፈውን አታምጡ። ለአሥር ሴት ዶሮ ቢያንስ አንድ አውራ ይኑራችሁ፤ አውራ ሳይኖር የተጣለውን ምንም ማሽን አይፈለፍለውም። ስማችሁን በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ ጻፉበት።

የተቀየሙን እናት፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎ ይምጡልን፤ ቀጣዩን ዙር ያለ ክፍያ እናስገባልዎታለን።

ከአክብሮት ጋር
የመፈልፈያ ቤቱ ሠራተኞች፣ ቢሾፍቱ