ቴስታታ ከመክፈታችሁ በፊት ውሃውን ተከተሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ባለፈው እትማችሁ የአንባቢ ጥያቄ ገጽ ላይ ከባሕር ዳር የጻፈውን ሰው አነበብኩ። ጣና ላይ ሰው የሚያመላልስበት ጀልባ አለው። ከወደብ ወጥቶ ትንሽ እንደሄደ የሙቀት ጌጁ ቀዩ ላይ ይወጣበታል። እናንተ ደግሞ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ካልተሻለው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ማለት ነው» ብላችሁ መለሳችሁለት። ለማያውቅ፣ ቴርሞስታት ሙቀቱን እያየ ለውሃው መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ነው፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ የሚገባው ማሸጊያ። አቦ፣ እንዲህ አይመከርም! ሰውዬው ይሄን አንብቦ ሞተሩን ከፍቶት ከሆነ ከልቤ አዝናለሁ። ካልከፈተው ግን ይቺን ደብዳቤ ቶሎ አውጡለት።

ድሬ ተቀምጠህ ስለ ጀልባ ምን ታውቃለህ የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ጎርፍ ካልመጣ በቀር አሸዋ ነው። ግን ወጣት እያለሁ ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ የጀልባ ሞተር ከሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጋር። እሳቸው ሞተር ሞቀ ተብለው ሲጠሩ መፍቻ ይዘው አይሄዱም ነበር። መጀመሪያ ሞተሩን ያስነሱና ከጀልባው ኋላ ጎንበስ ብለው ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ መውጫውን፣ ያያሉ። ውሃ እየተፋ ነው ወይስ አይደለም? ስንት ይተፋል? እንፋሎት አለው? ከዚያ በኋላ ነው ሌላው የሚመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጀልባ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ሞተር እንደ መኪና ነፋስ አያገኝም። ስለዚህ የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ወይም በባሕሩ ውሃ ነው። ውሃው ከጀልባው ሥር ባለ ቀዳዳ ይገባል፣ ቫልቭ ያልፋል፣ ማጥለያ ያልፋል፣ ከዚያ የጎማ ክንፍ ያለው ፓምፕ ይስበውና ወደ ሂት ኤክስቼንጀር ይገፋዋል። እዚያ የሞተሩን የራሱን ውሃ፣ ማለትም ኩላንት የሚባለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ያለበትን፣ ያቀዘቅዝና በአብዛኛው ከጭሱ ጋር በማርሚታ ይወጣል። ሁለት ውሃ ነው ያለው፤ አንዱ ከውጭ ገብቶ የሚወጣ፣ አንዱ ሞተሩ ውስጥ የሚዞር። ማርሚታው የሚነግርህ ጥፋቱ በየትኛው በኩል እንደሆነ ነው።

በማርሚታው የሚወጣው ውሃ ካነሰ ወይም ከቆመ ቴስታታው ጋ ምንም ሥራ የለህም። ከውጭ የሚገባው ውሃ ነው የቸገረው። ለጣና ሰው ደግሞ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው እምቦጭን ነው። ሥሩ ልክ እንደ ጸጉር ነው፣ መግቢያው ላይ ይጠመጠማል፣ ማጥለያውን ይሞላል። ሞተሩን አጥፋ፣ ቫልቩን ዝጋ፣ ማጥለያውን አውጥተህ እጠብ። ፌስታልም ከሥር ይለጠፋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ለቆ ስለሚሄድ ስታይ ምንም የለም፣ ስታስነሳው ተመልሶ ይመጣል፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰውን ስንት ቀን እንዳንከራተተ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማጥለያው ንጹህ ከሆነ ፓምፑን ክፈት። ውስጡ ያለው ጎማ ውሃ ሳያገኝ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ከዞረ ክንፉ ይቀደዳል። ተቀድዶ ካገኘኸው አዲስ መግጠም ብቻውን አይበቃም። የተቆረጡትን ክንፎች ቁጠርና ፈልጋቸው፣ ምክንያቱም ወደፊት ሄደው የሂት ኤክስቼንጀሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናሉ። አዲስ ጎማ ገጥመው ሞተሩ አሁንም ሲሞቅባቸው «ፓምፑማ ደህና ነው» ብለው ቴስታታ የፈቱ ሰዎች አይቻለሁ። ቁራጩ እዚያው ውስጥ ተቀምጦ!

ሌላ በቀላሉ የማይታይ ነገር አለ። ከፓምፑ በፊት ያለው ቱቦ ማሰሪያው ከላላ ውሃ አያንጠባጥብም፣ አየር ነው የሚስበው። ደረቅ ስለሆነ ደህና ይመስልሃል። የማጥለያው ክዳን ጎማም እንደዚሁ። ቱቦው አርጅቶ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ ስትሰጠው በመሳቡ ብዛት ይጨማደድና ራሱን ያንቃል፤ ቀስ ብለህ ስትሄድ አይሞቅም፣ ስትፈጥን ብቻ ይሞቃል። ፕሮፔለሩ ላይ ሣር ተጠምጥሞ ወይም ጭነት በዝቶ ሞተሩ ሲጨናነቅም ያው ነው። ስለዚህ መቼ እንደሚሞቅ መጠየቅ ያስፈልጋል። እናንተ አልጠየቃችሁትም።

ውሃው በደንብ እየወጣ ከሞቀ ግን ወደ ውስጠኛው እንሄዳለን። ሞተሩ ቀዝቅዞ ኩላንቱን እይ፣ ፓምፕ የሚያዞረውን ቺንጊያ ንካ፣ የኩላንቱን መሙያ ክዳን ተመልከት። ክዳን የምለው ቀልድ አይደለም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ውሃ ክዳን ከሌለው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ክዳኑ ግፊት ይዞ ካልጠበቀው ጤነኛ ሞተር ያፈላል። ጌጁም አንዳንዴ ራሱ የተበላሸ ይሆናል፣ በሌላ ቴርሞሜትር መለካት ነው።

ስለ ቴርሞስታቱ። ከተጠረጠረ አውጥተህ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተህ ሲከፈት እይ፤ ካልተከፈተ በአዲስ ቀይረው። ማውጣትና መጣል ግን በአንዳንድ ሞተር ውሃውን በአቋራጭ ስለሚመልሰው ጭራሽ ሙቀቱን ያባብሰዋል። ባይብሰው እንኳ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ራሱም ቶሎ ያልቃል።

ይሄን ሁሉ የምለው ምክሩ እኛም ቤት ገብቶ ስለነበር ነው። ታናሽ ወንድሜ ከድሬ ሐረር የሚሠራ ሚኒባስ አለው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር 1,900 ትጠጋለች፣ መሐል ላይ ደግሞ የደንገጎ ዳገት አለ። መኪናው እዚያ ያፈላ ጀመር። እኔ ሳልኖር አንድ ጋራዥ አስገባው። ቴርሞስታቱን ጣሉት፣ ቴስታታውን አስላጡት፣ ጓርኒሲዮን ቀየሩ። ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ፣ ገንዘቡም በብድር። በወጣ በመጀመሪያው ቀን ደንገጎ ላይ አፈላ። ልጅ ያዘሉ እናቶች ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ረዳቱ ደግሞ በሀይላንድ ውሃ ይዞ እየሮጠ። ቸኩሎ ክዳኑን ከፈተውና እንፋሎቱ ክንዱን ላጠው። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

ቤት ሲመጣ ራዲያተሩን በእጄ ዳሰስኩት። ላዩ ያቃጥላል፣ ታቹ ቀዝቃዛ ነው። ስናስከፍተው ግማሹ ቱቦ በነጭ ድንጋይ ተደፍኗል። የድሬ ውሃ ነው! ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ ብታዩ የምታገኙት ያንኑ ነው። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት ነበር፣ ኩላንት የሚባል ሳያይ። ራዲያተሩ ታጠበ፣ ቴርሞስታት ተመልሶ ገባ፣ አዲስ ክዳን ተገጠመለት። አሁን ኩላንት የሚቀላቅለው በተጣራ ውሃ ነው፤ ሲያጣ ከኤሲ የሚንጠባጠበውን ውሃ በንጹህ ጨርቅ አጥልሎ ይጠቀማል። ድሬ ላይ ኤሲ የማይንጠባጠብበት መሥሪያ ቤት የለም፣ ሁሉም መሬት ላይ ነው የሚፈሰው።

ይሄ ሁሉ የሆነው ማንም ውሃው የት ጋ እንደቆመ ስላላየ ነው። መኪናም ጀልባም ያው ነው።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ማስተካከያውን በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን አውጡት። «ትኩስ ሞተር ክዳኑ አይከፈትም፣ ቀዝቃዛ ውሃም አይደፋበትም፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል» የሚለውንም ጨምሩበት። የባሕር ዳሩ ወንድሜ ደግሞ ጀልባውን አስነስቶ ማርሚታው ምን እንደሚተፋ፣ የሚሞቀው ሲፈጥን ብቻ ነው ወይስ ቆሞም፣ ይጻፍላችሁ። ቀጣዩን እትም እጠብቃለሁ። ፓምፑን ከከፈተ የጎማውን ክንፍ ይቁጠር።

አንባቢያችሁ
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ