እንግሊዝኛን በጆሮም ፈትኑልን

ይድረስ ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት
ግልባጭ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ጠመኔ ከያዝኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስጽፍ ከዝውውር ጥያቄ ውጭ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ያነሳሳኝ የአንዲት የድሮ ተማሪዬ ወሬ ነው።

ልጅቷ እኔ ጋ ስትማር በእንግሊዝኛ የሚደርስባት አልነበረም። አክቲቩን ወደ ፓሲቭ ገልብጪ ስትባል እርሳስ ሳታነሳ ነበር የምትገለብጠው። አሁን አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት፣ የሌሊት ተረኛ ሆና፣ ስልክ ይደወላል። ከላይ ፎቅ የውጭ አገር እንግዳ ነው። አንድ ነገር አላት። አልገባትም። «ኦኬ ሰር፣ ኦኬ» ብላ ዘጋች። ደግሞ ደወለ። አሁንም «ኦኬ ሰር»። በሦስተኛው ሰውዬው በነጠላ ጫማ ወርዶ መጣ። ፊት ለፊት ቆሞ ሲነግራትም አልገባትም። መጨረሻ ላይ እስክሪብቶ ተቀብሏት ጻፈላት። ለካ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ነው የፈለገው።

«ሳነበውማ አንድም የማላውቀው ቃል የለበትም ቲቸር» አለችኝ። «ብላንኬትን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ?» ብላ ሳቀች።

አዎ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ያስተማርኳትም ልክ አሁን እንደጻፍኩት «ብላንኬት» ብዬ ነው። ሰውዬው ያላት «ብላንኪት» ነው። እዚህች «ኬ» እና «ኪ» መሃል ነው ልጅቷ የወደቀችው። አብሬያት ሳቅኩ፣ ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የሊስኒንግ ክፍለ ጊዜ እኛ ጋ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የሚደመጠው ጽሑፍ ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው። የተቀዳ ድምፅ የለኝም። ስለዚህ እኔው ቆሜ አነባለሁ። ክፍሉ ውስጥ 68 ልጆች አሉ። ውጭ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው፣ ፊሽካ ይነፋል። ከኋላ የተቀመጡት «አይሰማም!» ይላሉ። ጮክ ብዬ እደግማለሁ። የሚሰሙት እንግሊዝኛ ታዲያ የእኔን እንግሊዝኛ ነው፤ «ስኩል»ን «እስኩል» የሚለውን፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ለያይቶ እንደ ዳዊት የሚደግመውን። በእውነተኛው ንግግር ቃላት ይጣበቃሉ፣ ግማሹ ይዋጣል። ያንን ልጆቹ አራት ዓመት ሙሉ በቅጡ ሳይሰሙት ይመረቃሉ።

የምታነቡት ካልከፋችሁ አንድ እውነት ልጨምር። ብዙዎቻችን ይሄንን ክፍል እንዘለዋለን። እኔም ዘልዬ አውቃለሁ፣ በተለይ ከመጋቢት በኋላ፣ የሞዴል ፈተና ሩጫ ሲጀመር። ልጆቹም አይቆጩም። «ቲቸር፣ ይሄ ማትሪክ ላይ ይመጣል?» ብለው ይጠይቃሉ። አይመጣም። አይመጣም ካልኩ በኋላ እጁን ደብተሩ ላይ የሚያቆይ ልጅ ካለ እሱ የተለየ ፍጥረት ነው።

ፈተናችሁ ላይ ንግግር የሚባለው የሁለት ሰዎች ምልልስ ተጽፎ፣ አንዱ ቦታ ባዶ ሆኖ፣ ከአራት ምርጫ አንዱን ማጥቆር ነው። ዕድሜ ልኩን አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተናግሮ የማያውቅ ልጅ እዚያ ላይ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። የእኔዋ ተማሪ አግኝታለች።

ልጆቻችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ፣ አንዳንድ ቦታም ከሰባተኛ፣ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ናቸው። ያኔ አገሩ ሁሉ ስለ ኩረጃ ነው ያወራው። ልክ ነው፣ ኩረጃ ነበር። የእንግሊዝኛ ችግር ብቻውን ይሄን ውጤት አመጣ ብዬም አልከራከርም። ነገር ግን አስተማሪው የሚለው ጆሮው ላይ የማይቆምለት ልጅ ባዮሎጂን በምን ይማር? ቸክሎ ነዋ።

«በጃንሆይ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ እንግሊዝኛ ያንበለብለው ነበር» የሚሉኝ ሽማግሌዎች አይጠፉም። አባቴም አንዱ ናቸው። ያኔ ተማሪው ጥቂት ነበር። አስተማሪው ህንድ፣ ወይም ከ1955 ጀምሮ የመጣው የአሜሪካ የሰላም ጓድ ነበር። ልጁ መጽሐፍ ሳይገልጥ ጆሮው ይሞላ ነበር። ከ1997 ወዲህ ደግሞ ፕላዝማ፣ ማለትም በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት መጣ። ስንቱን አማረርንበት! አይጠየቅ፣ አይቆም፣ «ሁለት ደቂቃ አላችሁ» ይልና ልጁ እስክሪብቶ ሳያነሳ መልሱን ይናገራል። ያም ሆኖ በራሴ ስፒከር እስክገዛ ድረስ ከእኔ የተለየ የእንግሊዝኛ ድምፅ ክፍሌ ውስጥ የተሰማው ያኔ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ጥፋቱን አማርኛ ላይ የሚያላክኩ አሉ። በየትምህርት ቤቱ «እዚህ ግቢ እንግሊዝኛ ብቻ» የሚል የሚለጥፉ፣ በአማርኛ ያወራን ልጅ ብር የሚያስከፍሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ክፍል ውስጥ አማርኛ እጠቀማለሁ፣ አላፍርበትም። «በላሁ» እና «በልቻለሁ» የሚለውን ልዩነት የያዘ ልጅ ፕረዘንት ፐርፌክትን በአሥር ደቂቃ ይይዘዋል። ከዚያ ወጥመዷን አሳየዋለሁ፤ እኛ «ትናንት መጥቷል» ብንል ማንም ቀና ብሎ አያየንም፣ እንግሊዝኛው ግን «ትናንት» ካለበት ያንን ቅርጽ አይቀበልም። ይሄን በእንግሊዝኛ ብቻ ላስረዳ ብል ሳምንት ይፈጅብኛል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ትህትና አለ። እኛ አክብሮታችንን ግሡ ውስጥ ነው የምንከተው። «ውሃ ይስጡኝ» ካልን አለቀ፣ «ይ» እና «ኡ» ሁሉን ሠርተዋል። ልጁ ይሄንኑ ቃል በቃል ይገለብጥና «ጊቭ ሚ ዋተር» ይላል። ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ፈተናችሁ ላይ ቢመጣ ያገኘዋል። ፈረንጁ ግን የሚሰማው ትእዛዝ ነው። እንግሊዝኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ስለሌለው ትህትናውን የሚሠራው በ«ኩድ ዩ» እና በድምፅ ነው። አስቡት፣ ባለጌ ያልሆነ ልጅ ባለጌ ተብሎ ከሥራ ሊባረር ይችላል። ድምፅ ደግሞ በጠመኔ አይጻፍም፣ ይሰማል እንጂ።

ታዲያ ምን ፈለግህ ትሉኝ ይሆናል። ንግግር በአገር አቀፍ ደረጃ ይፈተን አልልም። ሂሳቡን አውቀዋለሁ፤ 40 ደቂቃን ለ68 ልጅ ባካፍለው ለአንዱ የሚደርሰው 35 ሰከንድ ከምናምን ነው፣ ያም ስም ጠርቼ እስኪነሳ ያልቃል። መቶ ሺዎችን በቃል መፈተን ቀልድ ነው።

ማዳመጥ ግን ይቻላል። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ወስዳችኋል። አዳራሽ አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ። ከ2016 ወዲህ በኮምፒውተርም መፈተን ጀምራችኋል፤ ኮምፒውተር ካለ ጆሮ ማዳመጫ መሰካት ምን ያህል ነው? አሥር ጥያቄ ብቻ አምጡ። አሥር! መብራት ቢጠፋስ፣ ድምፁ ለአንዱ አዳራሽ ቢሰማ ለሌላው ባይሰማስ የሚል ስጋት እንዳለ ይገባኛል። መጀመሪያ በሙከራ፣ ነጥብ ሳይያዝበት ይሁን።

ለሚኒስቴሩ የምለው ደግሞ ከዚህም ይቀላል። በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ያሉትን የሊስኒንግ ጽሑፎች አስቀዱልን። ስቱዲዮ አያስፈልገውም፣ ጸጥ ያለ ክፍልና ጥሩ አንባቢ ይበቃል። አንባቢዎቹ ይለያዩ፤ ሴትም ወንድም፣ ኢትዮጵያዊም፣ ኬንያዊም፣ እንግሊዛዊም። ቴሌግራም ላይ ልቀቁት። ኔትወርክ የሌለበት ትምህርት ቤት በፍላሽ ይውሰድ። እኛ በገዛ ስልካችንም ቢሆን እናሰማለን። እኔ በራሴ ገንዘብ አንዲት ትንሽ ስፒከር ገዝቻለሁ፣ ገበያ ውስጥ ሎተሪ አዟሪዎች የሚይዟት ዓይነት። እስካሁን የምትጫወተው ከኢንተርኔት ያወረድኩትን፣ ከመጽሐፋችን ጋር የማይገናኝ ነገር ነው። ባለፈው ስለ ለንደን ባቡር አሰማኋቸው። ልጆቹ ባቡሩ አልገባቸውም፣ ግን እንደዚያ ቀን ጸጥ ብለው አይቻቸው አላውቅም።

በመጪው ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ሊስኒንግ አለብኝ። ጽሑፉ ስለ ንብ እርባታ ነው። ሌላ ድምፅ እስክትልኩልን እኔው አነበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር