ሽማግሌ የሚያስታርቅበትና የማይፈርድበት

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ደብዳቤህን ይህን ያህል ማሳደሬ ከስንፍና እንጂ ከንቀት አይደለም፤ ተቆጣና እለፈኝ። ጥያቄህ ግን አልጠፋብኝም፦ ሃይማኖትና ወግ ከሕጋችን ጭራሽ ተባረሩ ወይ?

አራት ኪሎ ላይ ፓርላማውና ቅድስት ሥላሴ ጎረቤት ናቸው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ነበር፤ የ1987ቱ በአንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም አለ። ወግ አጥባቂ ወዳጆቻችን እዚህ ላይ ተናደው መጽሐፉን ይዘጉታል። ገለጥ ቢያደርጉት አንቀጽ 34 ንዑስ 5ን ያገኙ ነበር፦ የግልና የቤተሰብ ክርክር፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ ይችላል።

ነገሩ ሁሉ «ከፈቀዱ» የምትለዋ ላይ ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ 188/1992 የሁለቱንም ወገን ፈቃድ ይጠይቃል። ሰው የሚሳሳተው ዝም ሲል ነው፤ መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት የቀረ ተከሳሽ እንደፈቀደ ተቆጥሮ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ስለዚህ የማይፈልግ ቀርቦ «አልፈቅድም» ይበል። ከመነሻው ተቃውመው ሳለ በሸሪዓ የተዳኙ ሰዎች ጉዳይ ሕገ መንግሥቱን እስከሚተረጉመው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ፣ በ1996 ለእነሱ ተወስኗል።

ሽምግልናው ይበልጥ ያስገርማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 የልማድ ሕግን በጅምላ ሽሮ፣ ፍቺን ግን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች አስረከበ። እኔን ከጠየቅከኝ ወጉን የጎዳው ይህ ሹመት ነው። መፍረድ የሚችል ሽማግሌ ለማስታረቅ ምን አደከመው? የቤተሰብ ሕጉ አዋጅ 213/1992 ፍቺን ለፍርድ ቤት ብቻ መልሶ፣ ሽማግሌውን ወደ ጥንት ሥራው ወደ ዕርቅ መለሰው። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስት በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ይገፋፋል፤ ካልሆነም እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

ዛሬም ግን «ተፋተዋል» የሚል የሽማግሌ ወረቀት ይዞ ሌላ የሚያገባ አለ። የመጀመሪያው ጋብቻ በሕግ ስላልፈረሰ ሁለተኛው ጣጣ ያመጣል፤ ንብረቱም ይጣረሳል። በስምምነት የሚለያዩ ከሆነ የልጆቹንና የንብረቱን ነገር በጽሑፍ ያስቀምጡ፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ያጽድቀው።

ተክሊልም ሆነ ኒካህ፣ በባህል የተፈጸመውም ጭምር፣ ሕጉ የተቀበለው ጋብቻ ነው፤ ማስመዝገብ ግን አይቀርም። የእህትህ ልጅ ሰርግ ደርሷል ብለሃልና፣ ካህኑን እንዳስታወሱ ወረዳውንም እንዲያስታውሱ ንገርልኝ።

ስለ ውርሱ የጠየቅከኝ ረዘም ስለሚል በሚቀጥለው እጽፍልሃለሁ። እናትዬን ሳምልኝ።

የአንተው ወዳጅህ፣
ከአራት ኪሎ