አንድ ግቢ፣ ሁለት ትምህርት ቤት

ለአዘጋጁ፤

ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ስናወራ ክፍል ተከፈተ፣ አልተከፈተም ብቻ እንላለን። እኔ የማነሳው ከክፍሉ በር ውጭ ያለውን ነው።

ልጄ መስማት አትችልም። ባሕር ዳር ውስጥ፣ በአንድ መደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ባለ የልዩ ፍላጎት ክፍል ትማራለች። መምህሯ ጎበዝ ናት። እረፍት ሲወጡ ግን የእነሱ ክፍል ልጆች አጥሩ ጥግ ለብቻቸው ይቆማሉ። ክፋት አይደለም፤ ሌሎቹ የሚያናግሯቸው በምን ቋንቋ ነው? የጎረቤታችን ልጅ «ነይ»፣ «ኳስ»፣ «ውሃ» የሚሉትን ምልክቶች ከልጄ ለመደ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር አብረው ኳስ ይጫወታሉ። ይህን ያመጣው ሦስት ቃል ነው።

ሌላው ደረጃው ነው። ገና በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። በዊልቸር የሚመጣ አንድ ተማሪ ግን ዛሬም እናቱ አዝላው ነው ደረጃውን የምትወጣው። ልጁ እያደገ ነው፤ የእናት ጀርባ እስከ መቼ ይችላል?

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ያስተምራል። የከተማው ትምህርት መምሪያ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ይነጋገር። የምልክት ቋንቋ የሚችሉ ተማሪዎቹ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለሚሰሙት ልጆች፣ ለመምህራኑ፣ ለዘበኛውም ጭምር ያስተምሩ። ለዊልቸር መወጣጫው አሸዋና ድንጋይ እኛ ወላጆች እናቀርባለን፤ መምሪያው ሲሚንቶና ግንበኛ ይመድብልን። ክረምት ላይ ከተጀመረ ለመስከረም ይደርሳል።

አንድ ወላጅ፣ ከባሕር ዳር