የፕላስቲክ ማሽን ሂተሮችም ይፈተሹ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ፋብሪካ በተቃጠለ ቁጥር ዜናው «መንስኤው የኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው» ብሎ ያበቃል። የፕላስቲክ ማሽን ጥገና ላይ የምሠራ ኤሌክትሪሽያን ነኝና ይህ አባባል ሁሌም ይከነክነኛል። የቱ ጋ ነው ኮንታክቱ?

ፈታሽ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሞተሩን ነው። ኦቨርሎዱን (ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት የሚያቆመውን) ያያል፣ የድንገተኛ ማቆሚያውን ይጫናል፣ ይፈርማል። ባሬሉን (ፕላስቲኩ የሚቀልጥበትን ቱቦ) የከበቡት ሂተሮች፣ ማለትም ማሞቂያዎች፣ ግን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። እነሱ ናቸው እንግዲህ 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲግሉ የሚውሉትም የሚያድሩትም።

እስቲ መብራቱ ተቆርጦ ሽፋኑ ይከፈት። ከፓነሉ የመጣው ሽቦ ደህና ነው። ከሂተሩ ብሎን አጠገብ ያለው የመጨረሻው ስንዝር ግን ጠቁሯል፤ ልባሱ ሲነኩት ይረግፋል። ተራው የፒቪሲ ሽቦ የሚችለው 70 ዲግሪ ነዋ! እዚያ መግባት ያለበት በማይካና በፋይበርግላስ የተለበሰ ሽቦ ነው። ግን ሌሊት ሂተር ሲበላሽ እጁ የገባውን ሽቦ ቀጥሎ የሚሄድ ተረኛ አይጠፋም። ከዚህ የባሰም አለ። ቆሞ የከረመ ሂተር እርጥበት ይስባል፤ ሲነሳ ኤሌክትሪኩን ወደ ግራውንድ (ወደ መሬት መስመር) ያፈስና ብሬከሩን ይጥላል። ታዲያ ግራውንዱን ነቅሎ «ተሠራ» የሚል አለ። ማሽኑ ይነሳል፤ ብረቱን የሚነካው ሰው ግን ወዮለት።

የኤሌክትሪክ ሥራ ደንቡ፣ ኮዱ፣ ስለ ሂተር ዝም አላለም። የአሜሪካው የኤሌክትሪክ ኮድ በ2017 (እ.ኤ.አ.) እትሙ ለኢንዱስትሪ ማሞቂያዎች አንቀጽ 425ን ለይቶ ሰጥቷቸዋል። ከ48 አምፔር በላይ የሚስብ ማሞቂያ ይከፋፈላል፤ የእያንዳንዱ ክፍል ጭነት ከ48፣ መከላከያው ደግሞ ከ60 አምፔር አይበልጥም። ሁሉንም ዞን (የባሬሉን የማሞቂያ ክፍሎች) በአንድ ትልቅ ብሬከር ሥር ማጎር በእርግጥ ይረክሳል። ችግሩ አንዷ ትንሽ ሂተር ስትበላሽ ትልቁ ብሬከር ላይሰማው ይችላል፤ ቀጭኑ ሽቦ ግን ይቃጠላል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ተርሞካፕሉ፣ ማለትም ሙቀቱን የሚለካው ሽቦ፣ ነው። ከቦታው ከወለቀ መቆጣጠሪያው «ገና አልሞቀም» ብሎ ኃይል ይጨምራል። ለሂተሩ ኃይል የሚሰጠውና የሚያቋርጠው ሶሊድ ስቴት ሪሌዩም ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ኃይል እንዳሳለፈ ይቀራል፤ ስክሪኑ ጠፍቷል ይላል፣ ሂተሩ ይግላል። ባሬሉ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ፒቪሲ ከሆነ ጉሮሮ የሚያንቅ የአሲድ ጋዝ ይለቃል። ዓለም አቀፉ የማሽን ኤሌክትሪክ ደረጃ አይኢሲ 60204-1 ከልክ በላይ ሊግል የሚችል ሰርኪዩት ሙቀቱን የሚያውቅና እርምጃ የሚያስወስድ ነገር እንዲኖረው ያዛል። በእኔ እምነት ይህ መከላከያ የራሱ ተርሞካፕል ይኑረው፤ ኃይሉን የሚቆርጠውም ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ለብቻው ይሁን። ያው ሪሌይ ራሱን ይቆጣጠር ማለት ቀልድ ነው።

የፍተሻ ቅጽ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ጋዜጣ ካነበቡ፣ ከሞተሩ ሥር ሦስት መስመር ይጨምሩልን፦ የሂተር ሽቦ ዓይነት፣ የየዞኑ ብሬከር መጠን፣ የሙቀት ወሰን መከላከያው ተሞክሮ የሠራበት ቀን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጥገና ኤሌክትሪሽያን