ንጉሡ የተንበረከከበት ሥዕል

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ከለንደን የላክሽልኝን ሥዕል በኮምፒውተር አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። «የጸሎት ሥዕል ነው ወይስ የፖለቲካ?» ብለሻል። እኔ እንደማየው ከዳር እስከ ዳር ፖለቲካ ነው፤ ጸሎቱም የገባው ለዚያው ነው።

እስኪ ዊልያም ማርሻል መዳብ ላይ የቀረጸውን ልብ ብለሽ እዪ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ተንበርክኳል። የምድሩ ዘውድ እግሩ ሥር ወድቋል፤ በእጁ የእሾህ አክሊል ይዟል፤ ዓይኑ የሰማዩን አክሊል ያያል። በስተውጭ ማዕበል የሚመታው ዓለት አለ፤ ክብደት የተንጠለጠለበት ዘንባባም አለ። ዘንባባ ሲጫኑት ይበልጥ ያድጋል ይባል ነበርና መከራው እንዳከበረው መናገራቸው ነው። ያለ ፓርላማ የገዛባቸው 11 ዓመታትስ? ከፓርላማው ጋር የተዋጋው ጦርነትስ? አንዱም የለም። ተከሳሹ ሰማዕት ሆኖ ቀርቧል፤ ሰማዕትን ደግሞ ስለ ግብር ማን ይጠይቀዋል?

ንጉሡ በፈረንጆች ጥር 30 ቀን 1649 ተፈርዶበት አንገቱ ሲቀላ ይህን ሥዕል የያዘው «ኢኮን ባሲሊኬ» (የንጉሥ ምስል) የተባለው መጽሐፍ ወዲያው ወጣ። መጽሐፉ በንጉሡ አንደበት የተጻፈ ነው፤ በኋላ ግን ጆን ጎደን የተባለ ቄስ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብሏል። በዚያው ዓመት ብቻ ከ30 ጊዜ በላይ ታተመ። የማተሚያ ቤት ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ ያሰብኩት ድካሙን ነው። ፊደሉ በአንድ ማተሚያ፣ ሥዕሉ በሌላ ይታተማል፤ ቀለሙ የተቀረጸው መስመር ውስጥ ይገባል፣ ላዩ ይወለወላል፣ የረጠበ ወረቀት ተደርጎበት በሮለር ይጨመቃል። መዳብ ለስላሳ ስለሆነ መስመሩ ቶሎ ይደክማል፣ እንደገና መቀረጽ አለበት። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው መጽሐፉን የሚገዛው እንዳለ ያውቃል።

የሚገርመው፣ ቻርልስ በለንደኑ የዋይትሆል ቤተ መንግሥት የግብዣ አዳራሽ ጣሪያ ላይ አባቱ ወደ ሰማይ ሲያርግ የሚያሳይ ግዙፍ ሥዕል በሠዓሊው በሩበንስ አሠርቶ ነበር። ወደ መሰየፊያው የሄደውም በዚያው አዳራሽ አልፎ ነው። ያን ጣሪያ የሚያየው የቤተ መንግሥት እንግዳ ነበር፤ የማርሻልን ወረቀት ግን ነጋዴውም ገዝቶ ቤቱ ያስቀምጠዋል።

ንጉሡን ያስወገደው አዲሱ መንግሥት ለመጽሐፉ መልስ እንዲጽፍ ገጣሚውን ጆን ሚልተንን አዘዘ። ሚልተን የመጽሐፉን ምዕራፎች አንድ በአንድ ነቀፈ፤ ሥዕሉንም ሞኝ ለማጥመድ የተዘጋጀ የቴአትር መድረክ ነው ብሎ ተሳለቀበት። እኔ እውነቱ ከእርሱ ጋር ነበር እላለሁ፤ አንቺ ላትስማሚ ትችያለሽ። ሆኖም ለተንበረከከ ሰው በክርክር መልስ መስጠት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቢው። በ1660 የንጉሥ አገዛዝ ሲመለስ የሚልተን መጽሐፍ በአደባባይ እንዲቃጠል ታዘዘ፤ ጥር 30 ደግሞ በ1662 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ የንጉሡ መታሰቢያ ሆኖ ገባ፣ እስከ 1859 ድረስም ቆየ።

ሌላ ቅጂ ካገኘሽ ከሰማይ የሚወርደውን የብርሃን ጨረር አጠገቡ ሆነሽ ፎቶ አንሺልኝ። መስመሩ ከሳሳ መዳቡ ብዙ ካተመ በኋላ የወጣ ነው ማለት ነው፤ ከላክሽልኝ ጋር ላስተያየው እፈልጋለሁ።

አባትሽ